የኤጎን ሲኮራ ጀርባ

የአዳልበርታ የከሰል ጉድጓድ ከተዘጋ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ መታጠቢያ ቤቱ ግን ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። ጣሪያው ላይ ከሺህ የሚበልጡ ሰንሰለቶች ዛሬም ተንጠልጥለው አሉ። ጠዋት ከቤት ለብሰን የመጣነውን ልብስ በሰንሰለቱ ጫፍ ባለው መንጠቆ ላይ እንሰቅልና ወደ ላይ ስበን እንቆልፈው ነበር፤ ከጉድጓድ ስንወጣ ታጥበን እናወርደው ነበር። እያንዳንዱ ሰንሰለት ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱም ቁጥር ሰው ነበረው።

ባለፈው ሚያዝያ የቀድሞ ሠራተኞች ማኅበራችን አንድ ነገር ወሰነ። ጎብኚው ብረት ብቻ አይቶ እንዳይሄድ፣ በየሰንሰለቱ ሥር የባለቤቱ ታሪክ በግማሽ ገጽ ተጽፎ ይሰቀል ተባለ። ለጊዜው በአርባ ሰው እንጀምር አልን። ሁሉም የሚጽፍለትን ሰው ተሻማ። ሙታን ይበልጥ ተፈላጊ ነበሩ፤ የሞተ ሰው ተነሥቶ "እንዲህ አላልኩም" አይልምና። ቁጥር 614 ሲጠራ ግን ክፍሉ ጭጭ አለ። ከማኅበራችን አባላት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ብሩኖ ቺርነር እንኳ፣ ያ በነገር ሁሉ አናት ላይ ካልወጣ የማይሆንለት ሰው፣ የሾርባ ማንኪያውን አገላብጦ ማየት ጀመረ። 614 የኤጎን ሲኮራ ነው። ኤጎን ደግሞ በሕይወት አለ።

"እኔ እጽፋለሁ" አልኩ።

"ጎሽ ጊዝበርት! አንተ እኮ ሆደ ሰፊ ነህ!" አሉኝ።

ያን ጊዜ ፊቴ መቅላት ነበረበት። ግን አርባ ዓመት ያፈረ ሰው ፊቱ አይቀላም፤ ቆዳው ይለምደዋል።

ኤጎን የተወለደው በ1938 ነው፣ እዚሁ በጡብ ሰፈራችን፣ ከጉድጓዱ አጥር አራት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቤት ውስጥ። አያቱ ከፖላንድ ወገን ለከሰል ሥራ የመጡ ናቸው። የእኔም አያት እንደዚያው፤ የብሩኖም እንደዚያው፤ ስለዚህ ማንም ማንንም "መጤ" ብሎ የሚሰድብበት አፍ አልነበረውም። በአሥራ አምስት ዓመቱ ጉድጓድ ገባ። ትከሻው በር ያህል ነበር። ስምንት መቶ ሜትር ከመሬት በታች፣ ወገቡን አጥፎ በሚሠራበት ቦታ፣ ያን የሚያህል ትከሻ ለባለቤቱ ዕዳ እንጂ ጌጥ አልነበረም፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ ከትከሻው ላይ ይቀደድ ነበር።

ከዳቦ ቤቷ ልጅ ከሄድቪግ ጋር ተጋባ። ልጅ አልወለዱም። ከቤታቸው ጀርባ እርግቦች ያረባ ነበር። በሰፈራችን እርግብ የማያረባ ወንድ እንደ ሕመምተኛ ነው የሚታየው፤ ኤጎን ግን እርግቦቹን ለውድድር አይልክም። "ለምን?" ስንለው፣ "አንደኛ የገባችውም እርግብ ናት፣ ዘግይታ የገባችውም እርግብ ናት፤ እኔ ለሁለቱም ስንዴ እሰጣለሁ" ይላል። እንስቅበት ነበር። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም።

አሁን ስለ ጀርባ ልናገር። ከሰል ጀርባን ይወዳል። ፊትህን፣ ደረትህን፣ እግርህን ትታጠባለህ፤ ጀርባህን ግን እግዚአብሔር ራሱ ለሌላ ሰው እጅ ነው የተወው። በመታጠቢያው ሥር ተሰልፈን ቆመን "ጀርባ!" ብለን እንጮሃለን፤ አጠገብህ ያለው ሰው ያጥብልሃል። ትወደዋለህ ወይ፣ ካቶሊክ ነው ወይ ፕሮቴስታንት፣ በእግር ኳስ ሻልከን ይደግፋል ወይ ዶርትሙንድን ተብሎ አይጠየቅም። ሌላው ሰው "እከክልኝ ልከክልህ" ሲል ሽርክናውን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሰው ሆኖ ወደ ቤት መግቢያው መንገድ ያ ብቻ ነበር።

የእኔ ሰንሰለት 615 ነው። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ያጠበው ኤጎን ነው፤ የእሱንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። እጁ ሻካራ ነበር፤ ሲጨርስ በሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል ጠፍ አድርጎ ይመታኝና "በል አልቋል፣ ለሚስትህ ትሆናለህ!" ይለኛል። ጀርባዬን ከሚስቴ ከማርግሬት ይልቅ እሱ ነበር የሚያውቀው። በግራ ትከሻዬ ሥር ያለውን ጥቁር ነጥብ ካንሰር እንዳይሆን ብሎ ሐኪም ጋ የላከኝም እሱ ነው። ካንሰር አልነበረም።

በ1974 ኅዳር ላይ ብሩኖ የቡድናችን መሪ ነበር። ስምንት ነበርን። የምንሠራበት የከሰል ግድግዳ ጋዝ ይተነፍስ ነበር። ጋዙ ከልክ ሲያልፍ ከጣሪያው የተሰቀለው ጠቋሚ መሣሪያ ኤሌክትሪኩን ይቆርጠዋል፤ መቁረጫ ማሽኑ ይቆማል፤ እኛም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ከላይ በስልክ ይጮሁብናል። ብሩኖ ሲመረው አንድ ቀን አየር የሚነፋ የጎማ ቱቦ ጎትቶ አመጣና አፉን ጠቋሚው ላይ አሰረው። መሣሪያው ንጹሕ አየር እየተነፋበት "ሁሉ ደህና ነው" ይላል፤ ጋዙ ሁለት ክንድ ርቆ ተኝቷል። ማሽኑም መቆሙን ተወ። ሁላችንም አየን። ሁላችንም ዝም አልን። ይህ ሦስት ሳምንት ቆየ።

ልጄ ኡልሪከ የተወለደችው በዚያ ሰሞን ነው። የዘጠኝ ቀን ጨቅላ ሳለች፣ ከዚያ ጎማ ሥር በደረቴ ተኝቼ ስሠራ ነፋሱ ማጅራቴን መታኝ። በልቤ "አንዲት ፍንጣሪ ብትበቃ፣ ይቺ ልጅ አባቷን በፎቶ ነው የምታውቀው" አልኩ። በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ወደ ደኅንነት ሹሙ ቢሮ ሄድኩና ነገርኩት።

"ስሜን እንዳያነሡ" አልኩት።

"አላነሣም" አለ። ቃሉንም ጠበቀ። ምነው ባልጠበቀ!

በኋላ በር ወጣሁ። ልክ እኔ ስወጣ ኤጎን በፊት በር ገባ፤ ጫማው ተቀዶ አዲስ ሊጠይቅ። ብሩኖ ግቢውን ሲያቋርጥ ኤጎን ከዚያ ቢሮ ሲወጣ አየው። እኔን አላየኝም።

ዓርብ ተቆጣጣሪዎች ወርደው ጎማውን እንደ ታሰረ አገኙት። ቦታው አራት ሳምንት ተዘጋ፤ እኛን ወደ ሌላ ግድግዳ አዛወሩን። ብሩኖ ከመሪነቱ ተነሥቶ ከጀማሪዎች ጋር እንጨት ተሸካሚ ሆነ። ትክክል ነበርኩ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ትክክለኛውን ነገር እንደ ሌባ ነው የሠራሁት።

ሰኞ ከሥራ ወጥተን መታጠቢያው ሥር ቆምን። ውኃው ይፈሳል፤ ማንም አያወራም። ኤጎን እንደ ወትሮው ጀርባውን ሰጠኝና "ጀርባ!" አለ።

ሳሙናው እጄ ላይ ነበር። አረፋ ሠርቶ ነበር።

"ባልንጀራውን የሸጠ ጀርባውን ራሱ ይጠብ" አለ ብሩኖ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

ኤጎን ዞረ። "ምንድን ነው የምትለው ብሩኖ?"

"ሐሙስ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ደኅንነት ቢሮ። ጫማ ልጠይቅ።"

"የታለ ጫማው?"

ሁላችንም እግሩን አየን። ባዶ እግሩን ነበር፤ እየታጠብን አይደል! ግን ልብስ ስናወልቅ ያንኑ የተቀደደ ጫማ አይተነዋል። አዲሱ ገና አልመጣለትም ነበር። ኤጎን አንድ ጊዜ ብቻ "አልተናገርኩም" አለ። ከዚያ ወደ እኔ አየ።

እኔ ዞርኩና የብሩኖን ጀርባ አጠብኩ። በኤጎን ስም አረፋ በሠራው ሳሙና።

ሰው ሲያፍር "መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ" ይላል። እኛን መሬት በየቀኑ ትውጠን ነበር፤ ስምንት ሰዓት ሲሞላ ደግሞ መልሳ ትተፋናለች። በዚያ ሰኞ የተፋችኝ ያህል ተተፍቼ አላውቅም።

አሥራ አንድ ወር እንዲህ ሆነ። ኤጎን መጀመሪያ ከቤቱ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ብሩሹ ጣሪያ ላይ በአንድ ባዶ ሰንሰለት ተሰቅሎ፣ ቁልፉም ጠፍቶ ተገኘ። ቀና ብሎ አየውና ታጠበ። በፎጣ ግራና ቀኝ እየሳበ ጀርባውን ለማሸት ሞከረ። ከፎጣው የሚያመልጥ ቦታ አለ፤ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ መዳፍ የሚያህል፤ እሱ እኔን አጥቦ ሲጨርስ ጠፍ አድርጎ ይመታኝ የነበረበት ቦታ። እዚያ ላይ ጥቁሩ ቀረ። ነጭ ሸሚዙን በላዩ ላይ አድርጎ በየቀኑ ከፊቴ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሄድቪግ ወጥ ቤት ውስጥ በገንዳ ጀርባውን ታጥብለት ነበር። ያጠበችበትን ፎጣ ከቤቷ ኋላ ገመድ ላይ ታሰጣለች። በከሰል ሰፈር የልብስ ገመድ ጋዜጣ ነው፤ ሁሉም ያነበዋል። ማርግሬት አንድ ቀን በመስኮት አየችና ጠየቀችኝ።

"የሄድቪግ ፎጣ ለምንድን ነው እንዲህ የሚጠቁረው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ኤጎን ሥራ ቦታ አይታጠብም እንዴ?"

"ይታጠባል።"

"አንተ አይደለህ እንዴ አጠገቡ የምትቆመው? ጀርባውን ምን ነካው?"

"ተጣልተዋል" አልኩ። "ከብሩኖ ጋር።"

"ከብሩኖ ጋር ቢጣላ ታዲያ አንተ እጅህን ምን አሰረው?" አለችኝ።

ሕፃኗ አለቀሰችና ወደዚያ ሄደች። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ማርግሬት ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው፤ ነግሬያት አላውቅም። "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል" ይባላልና፣ ከዚያ ክረምት ወዲህ በማንም ሠርግ፣ በማንም ጡረታ ግብዣ ላይ ከሁለት ብርጭቆ ቢራ አልፌ አላውቅም። ሰው "ጊዝበርት ቁጥብ ነው" ይለኛል። አዎን፣ ቁጥብ ነኝ!

በአሥራ ሁለተኛው ወር ሐኪሞች ኤጎንን መርምረው ሳንባው በድንጋይ አቧራ መያዙን አወቁና ከጉድጓድ ሥራ አወጡት። የሰጡት ቦታ የት ይመስላችኋል? መታጠቢያ ቤቱን ጠባቂ አደረጉት። ጉድጓዱ እስኪዘጋ ድረስ የሰንሰለቱን መዘውር ዘይት የሚቀባው፣ ወለሉን የሚያጥበው፣ ለእያንዳንዳችን ሳሙና የሚያድለው እሱ ሆነ። አሥራ ስምንት ዓመት። ጀርባውን ላልነኩለት ሰዎች ሁሉ ሳሙና ሰጠ፤ ለብሩኖም፣ ለእኔም። "ግሉክ አውፍ" እንለዋለን፣ የጉድጓድ ሰላምታችን ነው፤ እሱም "ግሉክ አውፍ" ይላል። ወደ መታጠቢያው ሥር ግን ተመልሶ አልገባም። ንጹሕ ልብስ ለብሶ በር ላይ ይቆማል።

እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አስጎብኚ ሆንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ይመጣሉ፤ ሰንሰለቱን አሳያቸዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ብሩኖና እኔ አንድ ትርኢት እናደርጋለን። ሸሚዜን እንደ ለበስኩ ጀርባዬን ሰጥቼ "ጀርባ!" ብዬ እጮሃለሁ፤ ብሩኖ በደረቅ ጨርቅ ያሸኛል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ከዚያ እንዲህ እላለሁ፤ "በአዳልበርታ ጀርባው ሳይታጠብ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አንድም የለም።" ዘጠኝ ዓመት ይህን ብያለሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ።

ታዲያ በሰኔ ግማሽ ገጼን ጽፌ ወደ ኤጎን ቤት ሄድኩ። ሄድቪግ በሩን ከፈተችልኝ። ሰማንያ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት፤ ዓይኗ ግን ያው ነው።

"ጊዝበርት! መንገዱ ጠፍቶህ ነው ወይስ ሰው ሞቷል?"

"ኧረ ደህና ነው። ኤጎንን ላየው ነው።"

"ግባ። ቡና አለ፣ ኬክ የለም። ማን ይመጣል ብዬ ልጋግር?"

ኤጎን በመስኮቱ አጠገብ፣ እርግቦቹ የነበሩበትን ባዶ ቤት በሚያሳይ ወንበር ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ አለ። ያ ትከሻ ወርዷል፤ ሹራቡ ሰፍቶታል። ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበ። "ትሑት፣ ታታሪ፣ በባልደረቦቹ ዘንድ የተወደደ" ብዬ ነበር የጻፍኩት።

"ማነው ይሄ ሰውዬ?" አለኝ። "ብተዋወቀው ደስ ይለኝ ነበር።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

"አንድ ዓመት ጎድሎበታል" አለ።

"የቱ ዓመት?"

"ጊዝበርት፣ ተወኝ እስቲ። ትንፋሽ የሚያጥረው እኔን ነው፤ አንተን ምን አንተባተበህ?"

ሄድቪግ የቡናውን ማሰሮ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ወለሉን አየሁ። አርባ ዓመት በአፌ ውስጥ ያመላለስኩት ዓረፍተ ነገር ሲወጣ ሁለት ቃል ብቻ ነበር።

"እኔ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ" አለ ኤጎን።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያው ሐሙስ። ቢሮው ስገባ ወንበሩ ገና ይሞቅ ነበር። በመስኮት ሳይ፣ አንተ አንገትህን ኮትህ ውስጥ ቀብረህ በኋላ በኩል ስትሄድ። በማግስቱ ጎማው ሲገኝ ደግሞ፣ ደደብ አይደለሁም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም? አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ!"

"ቤትህ አራስ ነበረች። ብሩኖ በዚያን ጊዜ እንዴት እንደነበረ ታውቃለህ፤ ይገድልህ ነበር።" ቱቦውን አስተካከለና ትንፋሹን ሰበሰበ። "ደግሞ እኔም ጎማውን ሦስት ሳምንት አይቼ ዝም ብዬአለሁ። እኔ ማድረግ የነበረብኝን አንተ አደረግክ። የደፈረውን ሰው እንዴት ብዬ አሳልፌ ልስጥ? አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።"

"እኔም አፍሬ ነው" አልኩ። "ታዲያ ይቅር ብለኸኛል ማለት ነው?"

"ስለ ጥቆማው? ምን ይቅር የሚባል አለው? ደግ አድርገሃል። ስምንት ሰው ዛሬ በሕይወት አለ፣ ወይ በአልጋው ላይ ሞቷል።" ሳል ያዘው። ሄድቪግ መጥታ ደረቱን ደገፈችው። ሳሉ ሲለቀው ቀና ብሎ አየኝ። "ጀርባዬን ግን ማጠብ ትችል ነበር።"

ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

"ብሩኖ አያውቅም ነበር" አለ። "ሌሎቹም አያውቁም። የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፣ አጠገቤ የቆመው። ሰኞ ባታጥበኝ እሺ፣ ደንግጠሃል። ማክሰኞስ? ፋሲካስ? ከፋሲካ ወዲያስ?"

"ኤጎን፣ አሁንም ቢሆን እኔ..." ብዬ ጀመርኩ። ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። እጄ ግን ተነሥቶ ነበር።

"አሁን ነርሷ ማክሰኞ ማክሰኞ ታጥበኛለች" አለ። "ንጹሕ ነው።"

እጄን መልሼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

"እኔ የምፈልገውን ልንገርህ" አለ ኤጎን። "የሄድቪግ እህት ልጅ ልጆቿን ይዛ ሙዚየም መጥታ ነበር። 'ጀርባው ሳይታጠብ የሄደ የለም' ብለህ ነገርካቸው። እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ብያለሁ።"

"ያ ዓመት ይጻፍ። ከሰንሰለቴ ሥር። ለእኔ ብለህ አይደለም፤ እኔማ የት እሄዳለሁ ከዚህ ወንበር። እዚያ ቆመህ ልጅ አታታልል።"

ሄድቪግ ወጥታ ሄደች። ስትመለስ የታጠፈ ፎጣ ይዛለች። ድሮ ነጭ የነበረ ነው፤ መካከሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ግራጫ ነገር አለው። ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄንንም ስቀሉት" አለችኝ። "ስንት ጊዜ ቀቀልኩት መሰለህ። ሰፈሩ እንዲያየው ብዬ ነበር ውጭ የማሰጣው። ማርግሬትም አይታለች። አንድ ቀን እዚህ በር ላይ መጥታ 'ሄድቪግ፣ ምንድን ነው ነገሩ?' አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"'ባልሽን ጠይቂው' አልኳት።"

ፎጣውን ይዤ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ማርግሬትን አሰብኩ። ጠይቃኛለች፤ "እኔ ምን አውቃለሁ" ብያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት በአንድ አልጋ ተኛን። ምን ያህል ታውቅ ነበር? ይህን አሁን የሚነግረኝ የለም። ሰው ከሚስቱ ፊት ሲያፍር ቢያንስ ይቅርታ የሚጠይቃት ሚስት ያስፈልገዋል።

ያን ዓመት ጻፍኩት። አራት ጊዜ ቀድጄ አምስተኛውን አስቀረሁ። ብሩሹን ጻፍኩ፤ ፎጣውን ጻፍኩ፤ አሥራ አንዱን ወር ጻፍኩ። ኤጎን አልጠቆመም ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ብዕሬ እንዲህ አለ፤ "ጥቆማውን የሰጠው ሌላ ሰው ነበር።" ደጋግሜ አነበብኩት። ውሸት አይደለም አልኩ። ሌላ ሰው ነበር፤ ከኤጎን ሌላ። አያችሁ? በስልሳ ስምንት ዓመቴም የኋላ በር አላጣሁም።

በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ ወረቀቶቹ ተሰቀሉ። ማኅበሩ በሙሉ ተሰበሰበ፤ በጓሮ የአተር ሾርባ በቋሊማ ይፈላል። ሄድቪግ ኤጎንን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አመጣችው፤ ከተዘጋ ወዲህ እዚያ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ቀና ብሎ ሰንሰለቶቹን አየና "ዘይት አልተቀቡም" አለ። ሁሉም የጻፈውን እያነበበ ተራው ደረሰኝ። ከ614 ሥር ቆምኩ፤ ፎጣው አጠገቤ ተሰቅሏል። አነበብኩ።

ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ብሩኖ በምርኩዙ ተደግፎ ወደ ፊት መጣ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

"ኤጎን አልነበረም?" አለ።

"አልነበረም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"'ሌላ ሰው' ብለህ ጽፈሃል። ሌላ ሰው ማለት ማን ነው?"

ወደ ኤጎን አየሁ። ያኔ መታጠቢያው ሥር እሱ ወደ እኔ እንዳየው። ኤጎን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሏል። ዝም ብዬ ብቆይ እሱም ዝም እንደሚል አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት ዝም ብሏል፤ ግማሽ ሰዓት አያቅተውም። ከዚያ ሁላችንም ሾርባ እንበላለን። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ፤ ይህን በማሰቤም አፈርኩ።

"እኔ ነኝ ብሩኖ።"

"አንተ?"

"እኔ። ሐሙስ ጠዋት። ኤጎን ጫማ ሊጠይቅ ነበር የገባው፤ እውነቱን ነበር።"

ብሩኖ አንድ እርምጃ ቀረበኝ። "አርባ ዓመት ከእኔ ጋር በላህ" አለ በመጨረሻ። "ጀርባዬን አጠብክ።"

"አጠብኩ።"

"ጎማውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ለመጠቆምህ መብት ነበረህ፤ እንደ ወንድ ብትነግረኝ በጥፊ መትቼህ በሳምንቱ እንታረቅ ነበር። እኔን ግን በንጹሕ ሰው ላይ አስጮህከኝ።" ምርኩዙን ወለሉ ላይ መታ። "ያን ብሩሽ የሰቀልኩት እኔ ነኝ እኮ!"

ፊቱን አዞረና ወደ ኤጎን ሄደ። ቆቡን አወለቀ። ኤጎን እንዲህ አለው፤

"ቆብህን አድርግ ብሩኖ። ራስህን ይበርድሃል።"

ሾርባውን በሉ። እኔም ሳህን ያዝኩ፤ ግራና ቀኜ ያሉት ወንበሮች ባዶ ቀሩ። ማንም አልሰደበኝም። የደኅንነት ሹሙ ቃሉን ባይጠብቅ ኖሮ ይህን በሃያ ስምንት ዓመቴ እጨርሰው ነበር ብዬ አሰብኩ። ቀጥዬም፣ ጥፋቱን አሁን ደግሞ በሹሙ ላይ እያላከክሁ መሆኑን አየሁ።

በተከታዩ ቅዳሜ ከኤሰን ከተማ አንድ ክፍል ተማሪዎች መጡ። ብሩኖም መጣ፤ "ግሉክ አውፍ" አላለኝም፤ እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ በር ላይ ቆመ። ኤጎን አሥራ ስምንት ዓመት ይቆምበት የነበረው ቦታ ነው። ሰንሰለቱን ለልጆቹ አሳየሁ፤ እንዴት እንደሚሳብ፣ እንዴት እንደሚቆለፍ። ወደ መጨረሻው ደረስን። ደረቁን ጨርቅ ከመስቀያው አነሣሁና እንደ ልማዴ ጀርባዬን ሰጥቼ "ጀርባ!" ብዬ ጮህኩ።

ድምፄ በባዶው አዳራሽ ዞሮ መጣ። ልጆቹ ሊስቁ ተዘጋጅተው ቆመዋል። ብሩኖ ከበሩ አልተነቃነቀም። ጨርቁን ከኋላዬ ዘርግቼ እንደ ያዝኩ ጠበቅኩ። አንዲት ልጅ ለአስተማሪዋ፣ "ማንም አይመጣለትም እንዴ?" ስትል ሰማኋት።

ዞርኩ። "አንዳንዴ ማንም አይመጣም ነበር" አልኳቸው። ወደ ፎጣው ወሰድኳቸውና ከ614 ሥር ያለውን ወረቀት አነበብኩላቸው፤ "ሌላ ሰው" የሚለውን ሰርዤ በእጄ ስሜን ጽፌበታለሁ። ሲሄዱ አንዱም አልሳቀም። ብሩኖ ከእነሱ ጋር ወጣ።

ጨርቁን መልሼ ሰቀልኩት። ኤጎን ጀርባው ሳይታጠብ በቆየበት አሥራ አንድ ወር ውስጥ አርባ ስምንት ቅዳሜ አለ። ለእኔ ይህ የመጀመሪያው ነበር።